ሁለት ተራራ፣ መሐላቸው ፀሐይ

የሦስተኛ ክፍል ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን «እስቲ ቤት ሣል» በሉትና ተመልከቱ። ሁለት ሾጣጣ ተራራ ያቆማል። በመሐላቸው ጨረሯን የበተነች ፀሐይ ትወጣለች። ከሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ ጎጆ ይሠራል፤ ከደጃፉ ወንዝ ይፈሳል፤ ሰማዩ ላይ ሁለት ወፍ ይበርራል። መጋላ የተወለደውም፣ ሳቢያን የሚኖረውም፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ብስክሌት የሚነዳውም ልጅ የሚሥለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ግን ድሬዳዋ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙም። ልጁ የሚያውቀው ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የግንብ አጥርና የብረት በር ያለው ነው። የሚያውቀው ወንዝ፣ ደቻቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ እንጂ ውሃ የለበትም።

ታዲያ ሥዕሉ ከየት መጣ? ከሰሌዳ፣ ከታላቅ እህት ደብተር፣ ከቀለም መቀቢያ መጽሐፍ። ልጁ ቤት አይቶ አልሣለም። «ቤት» የሚባል ምልክት በቃሉ ይዞ ነው የጻፈው፤ ልክ «ሀ»ን እንደሚጽፍ። በዚህ ዕድሜ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የልጆችን ሥዕል ሲያጠና የኖረው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ለእያንዳንዱ ነገር አንድ የለመዱት ምልክት ይዘው እንደሚደጋግሙት አስረድቷል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ልጁ ወደ 9 እና 10 ዓመት ሲጠጋ የሣለውን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማስተያየት ይጀምራል። አይመሳሰልለትም። «እኔ ሥዕል አልችልም» ይልና እርሳሱን ያስቀምጣል። አብዛኞቻችን ሥዕል ያቆምነው እዚያው፣ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ ነው።

በትምህርት ቤት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ። መስመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ልስላሴና ሻካራነት፣ ቦታ፣ ግዝፈት ያላቸው ነገሮች፤ እነዚህ የሥዕል መሠረታውያን ናቸው ተብሎ ይነገራል። ልጁ ትርጉማቸውን ሸምድዶ ፈተና ላይ ይደፍናል። ግን ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ከሆነና ቀለም ከሌለ፣ መምህሩ ምን ያድርግ? ከሰሌዳው ትርጉም ያለፈ ነገር ለመሥራት ጊዜውም ዕቃውም አይበቃውም። የእጅ ሥራው ወደ ቤት ይላካል።

ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ «ነገ ከካርቶን የተሠራ ቤት አምጡ ተብለናል» ይላል። አባት መቀስ ያነሳል፣ እናት ሙጫ ትፈልጋለች፣ ልጁ ይተኛል። ጠዋት የአባት ቤት ትምህርት ቤት ሄዶ ከአሥር አሥር ያመጣል። ክፋት የለበትም፤ ደክሟቸውም ለልጃቸው ብለው ነው። ነገር ግን ልጁ አንድ ነገር ተምሯል፦ የእርሱ እጅ የሚሠራው ለማስረከብ እንደማይበቃ። እኔ ብጠየቅ፣ የተንጋደደው የልጁ ቤት ስድስት ቢያመጣ ይሻላል እላለሁ።

ሰሞኑን አንዲት አያት ይህንኑ አንስታ «እኔ ሥዕል አልተማርኩ፣ ምን ላሳየው?» አለችኝ። («አለችኝ» ማለቴ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፣ «እርስዎ» ብላት የተጣላኋት ይመስላታል።) ይህን ስትል ጭኗ ላይ ግማሽ የደረሰ የሙዳይ ክዳን ነበር፤ በአንድ እጇ ወስፌ፣ በሌላው በውሃ የራሰ አለላ። ሥዕል አልተማርኩም የምትለው ሴት፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚዘረዝራቸውን ነገሮች በሙሉ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው።

ስፌትን ልብ ብላችሁ እዩት። የስንደዶው ጥቅል ከመሐል ተነስቶ እየዞረ የሚሰፋ አንድ ረጅም መስመር ነው። አለላው ሲገባ መስመሩ ላይ ቅርጽ ይወለዳል፦ ሦስት ማዕዘን፣ አልማዝ፣ ደረጃ። ቀዩ ከጥቁሩ ጎን ሲቀመጥ ይጮኻል፤ ከብጫው ጎን ሲሆን ይለዝባል። ዙሩ እየጠበበ ሲሄድ ዝርግ የነበረው ይነሳና ግዝፈት ያገኛል። እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል። ሐረር ወጥታችሁ የአደሬ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ደግሞ እነዚህ ስፌቶች ግድግዳው ላይ በሥርዓት ተሰቅለው አንድ ትልቅ ሥዕል ሲሆኑ አይታችኋል።

ስለዚህ ለዚያች አያት የነገርኳት ይህን ነው። ልጁ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ያምጣ። ከሞሰቡ ወይም ከሙዳዩ ላይ አንድ ጌጥ ይምረጥ። ስንት ቀይ፣ ስንት ነጭ፣ ስንት አረንጓዴ እንደሆነ እየቆጠረ በካሬዎቹ ላይ ይገልብጠው። አንድ ካሬ ለአንድ ስፌት። ሲጨርስ ሌላ ገጽ ላይ ያንኑ ጌጥ ይድገመው፤ ግን ቀዩን በሰማያዊ ይለውጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ያወዳድር። ቅርጹ ሳይነካ ቀለሙ ብቻ ሲለወጥ ጌጡ ምን ያህል ሌላ እንደሚሆን ያያል። ይህን በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ በዓይን ግን ወዲያው ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ የማልዘለው ጉዳይ አለ። ከተማችን ውስጥ ሰውም ሆነ እንስሳ መሣልን በሃይማኖት ምክንያት የማይፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። ልጁ ሥዕል ክፍል ገብቶ ሲጨነቅ፣ እናት መምህሩን ለመናገር ስታፍር ይታያል። መጨነቅም ማፈርም አያስፈልግም። የሥዕል መሠረታውያን ያለ አንድ ሰው ምስል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊማሩ ይችላሉ፦ በስፌት ጌጥ፣ በቅጠል፣ በመስጊድ መስኮት ፍርግርግ፣ በሂና። መምህሩን ቀርባችሁ «ልጄ በጌጥ ይሥራ» በሉት።

ሂና ካነሳሁ አይቀር፣ ድሬ ላይ የሠርግ ሰሞን የሚታየውን የእጅ ጌጥ ያህል መስመርን የሚያስተምር ያለ አይመስለኝም። ቀጭን፣ ወፍራም፣ የታጠፈ፣ የሚጠቀለል፣ የሚቆራረጥ፤ ሁሉም ከአንድ ቀዳዳ ይወጣል። ልጆቹ የገዛ መዳፋቸውን ወረቀት ላይ አሳርፈው በእርሳስ ይዙሩትና ውስጡን በመስመር ብቻ ይሙሉት። አንዱ ጣት በቀጥታ መስመር፣ አንዱ በሞገድ፣ አንዱ በነጥብ። ወንዶቹም ይሠሩታል፤ «የሴት ነው» የሚል ካለ አንድ ጣት ሞልቶ ሲጨርስ ይረሳዋል። ወረቀት ላይ እንጂ ቆዳ ላይ የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ልጆችን ጠብቁ። አንዳንዱ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል።

ከተማዋ ራሷ የመስመር ትምህርት ናት። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረው ከዚራ በቀጥታ መንገድ ተሠመረ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በጠመዝማዛ ጉራንጉር አደገ። ልጁን ይዛችሁ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከርር፣ ሁለቱንም ሰፈሮች በእግር ዙሩ። ቤት ስትመለሱ አንድ ወረቀት መሐሉን አጥፎ፣ በግራ ከዚራን፣ በቀኝ መጋላን በመስመር ብቻ ይሥራ። ቤት አይሥል፣ ሰው አይሥል፤ የሄደበትን መንገድ ብቻ። ቀጥ ያለው የከዚራ መንገድ ዛፎቹ እየራቁ ሲሄዱ ለምን እንደሚያንሱና መንገዱ ለምን እየጠበበ እንደሚሄድ ከጠየቀ፣ ስለ «ቦታ» ያለውን ትምህርት ራሱ ጀምሮታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀለም ልምጣ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወላጆች ሁልጊዜ የሚሉት «ቀለም ተወዷል» ነው። እውነት ነው። ግን ከድሬዳዋ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በኮረብታው ወገብ ያለችውን ዋሻ አስቡ። ፈረንሳዮች «ፖርክ ኤፒክ» አሏት፤ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ካገኟት ወዲህ ተመራማሪዎች ደጋግመው ቆፍረውባታል። ከተገኘው ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀለም ነው፦ 4 ሺህ 213 ቁራጭ፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል፣ ብረት ያለበት ቀይና ብጫ የቀለም ድንጋይ። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ይገመታል። ከድንጋዩ ጋር መፍጫዎቹም ተገኝተዋል። ሰዎቹ ቀለሙን እንደ በርበሬ ፈጭተው፣ አድቅቀው ይጠቀሙበት ነበር። ሌላም አለ፤ ግማሹ ብቻ በቀለም የተነከረ ድቡልቡል ጠጠር ተገኝቷል፤ አጥኚዎቹ ቆዳ ወይም ልብስ ላይ ለማተም ያገለገለ ማኅተም ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ግድግዳው ላይ ያሉት የደበዘዙ ሥዕሎች ከዚህ እጅግ የሚያንስ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ከከተማዋ ራቅ ብሎ ለገ ኦዳ ላይም ከብቶች የተሣሉበት ሌላ የዋሻ ግድግዳ አለ።

ለልጅ ይህን ስትነግሩት ዓይኑ ይፈጥጣል። ከሱቅ ቀለም ሳይገዙ የሣሉ ሰዎች እዚሁ፣ ከቤቱ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነበሩ። (ዋሻው ዘንድ ከሄዳችሁ ግን ከመሬቱ አንድ ጠጠር እንኳ አታንሱ፣ ሥዕሉንም በእጅ አትንኩ። ቅርስ ነው።) ቀዩን አፈር ከሠፈር ታገኙታላችሁ። ልጁ በድንጋይ ያድቅቀው፣ በስስ ጨርቅ ይንፋው፣ የደቀቀውን በቀጭን የዱቄት ሙጫ ይለውሰው። የዱቄት ሙጫ ማለት አንድ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ስኒ ውሃ እስኪወፍር የተንተከተከ ነው። ከሰል እንደዚሁ ይደቅና ጥቁር ይሆናል። ነጭ ኖራ አትጠቀሙ፤ ዓይን ያቃጥላል። የተፈጨ ጠመኔ ይበቃል።

ከጓዳ ደግሞ እርድ። ልጁ እርዱን በጥቂት ውሃ በጥብጦ ወረቀት ላይ በጣቱ ወይም በጥጥ ይቀባ፣ ይድረቅ። ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና በሟሟበት ውሃ ጣቱን ነክሮ በላዩ ይሣልበት። ብጫው ሳሙና ባረፈበት ሁሉ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ተመልሶ ብጫ ይሆናል። ከርከዴም እንዲሁ ነው፤ በሎሚ ይቀላል፣ በሶዳ ሰማያዊና አመዳም ይሆናል። እዚህ ላይ የሥዕል ትምህርቱ ሳይታወቅ የሳይንስ ትምህርት ሆነ። ልጁ «ለምን?» ካለ መልሱ ሳሙናና ሶዳ አንድ ወገን፣ ሎሚ ተቃራኒው ወገን መሆናቸው ነው፤ አሲድና ቤዝ የሚባለውን ከፍ ያለ ክፍል ደርሶ ሲማር ይህችን ወረቀት ያስታውሳል።

ቀለሙ ከተዘጋጀ ዘንድ እንደ ዋሻው ሰዎች ማተም ነው። ባሚያ በአግድሙ ሲቆረጥ አምስት ቅጠል ያላት አበባ ይሆናል። ግማሽ ሎሚ ጎማ፣ ሽንኩርት ደግሞ ክብ በክብ ውስጥ። ሦስት ዓይነት ማኅተም ይበቃል። ልጁን «የፈለግከውን አትም» ካላችሁት ወረቀቱን በአምስት ደቂቃ አዝረክርኮ ይጨርሳል። ሥራ ስጡት፦ «ዳር ዳሩ ላይ ብቻ፣ ሁለት ባሚያ አንድ ሎሚ እያልክ ዞረህ ግጠም»። መጨረሻ ላይ ማዕዘኑ ላይ አልገጥም ሲለው የሚያሰላው ስሌት ማንም ሳያዝዘው ነው። ማኅተም የሆነው አትክልት አይበላም፤ ስለዚህ ከወጥ የተረፈውን ቁራጭ ተጠቀሙ።

ስለ ብርሃንና ጥላ አላረዝምም። ጀበና ወይም ኩባያ ግቢ ውስጥ ካርቶን ላይ ይቀመጥ፤ ልጁ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓትና ስድስት ሰዓት ላይ ጥላውን በከሰል ይዙረው። ሦስት ጥላ በአንድ ካርቶን ላይ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ከሠራችሁት የቀትሩ ጥላ ከሥሩ ገብቶ ሊጠፋ ይደርሳል፤ በእነዚያ ሰሞኖች ፀሐይዋ በድሬ አናት ላይ ናትና።

ሸክላ ለመሥራት ልጆች ጭቃና አሸዋ ፍለጋ ደቻቱ ይወርዳሉ። በበጋ ከትልቅ ሰው ጋር ይሁን። በክረምት ግን ፈጽሞ አትላኩ። ጎርፉ የሚመጣው ደጋው ላይ ከሚዘንበው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ይህን ደጋግሞ መስማት አያስፈልገውም፤ ልጆቹ ግን ያኔ አልተወለዱም። ለቤት የሚሆን ጭቃ ሸክላ ከሚሠሩ ሴቶች በጥቂት ብር ይገኛል። ልጁ እንደ እባብ እያንከባለለ በቀጭኑ ይሥራውና እንደ ስፌቱ እየጠመጠመ ስኒ ያንሳው። ከአያቱ ሙዳይ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር መሆኑን ብትነግሩት ደስ ይለዋል፤ ባትነግሩትና ራሱ ቢደርስበት ግን ይበልጥ ደስ ይለዋል።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚል አባት ደግሞ አይጠፋም። ክርክር አልገባም። ልጅ ሥዕል ከሠራ ሒሳብ ይጎብዛል ብዬም አልዋሽም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አይቶ የሚሥል ልጅ የሚያየው ይበዛል። አናጢም፣ ልብስ ሰፊም፣ ሐኪምም ሥራቸው የሚጀምረው ከማየት ነው። ደግሞ አንዳንዱ ልጅ እንጀራውም ይሆናል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው ከእኛ አንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው ሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን አገር ተምሮ ሲመለስ ፍጹም ሌላ ዓይነት ሥዕል ይዞ መጣ፤ ቅርጽና ቀለም ራሳቸው ጉዳይ የሆኑበት። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። ብዕርና ቀለም በመጀመሪያ ያየው ቤቱ ውስጥ፣ ከአባቱ እጅ ነበር።

ልጁ ሠርቶ ሲያመጣላችሁ «ምንድን ነው ይሄ?» አትበሉት። «ጎበዝ!» ብላችሁ ወደ ስልካችሁ መመለስም ብዙ አይጠቅመውም። ያያችሁትን ተናገሩ፦ «እዚህ ጋ መስመሩን አወፈርከው»፣ «ይህን ቀይ ከየት አመጣኸው?» ይበቃል። እርሳሱን ከእጁ ወስዳችሁ አታስተካክሉለት፤ ማሳየት ካለባችሁ በራሳችሁ ወረቀት ላይ አሳዩት። አያቶች በዚህ ከወላጆች ይሻላሉ፤ አይቸኩሉም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ሁሉ ጣጣ እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ የቲማቲም ጣሳ ውሃ ለአንድ ከሰዓት ይበቃል። ወረቀት ከሌለ ካርቶን፣ ብሩሽ ከሌለ የታኘከ የጥርስ መፋቂያ። ሥራውን በረንዳ ላይ፣ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፋችሁ አሠሩት (ይህንን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ)። ከጀርባው ስሙንና ቀኑን ራሱ ይጻፍበትና ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት።

እርድ ልብስ ላይ ከፈሰሰ አትደንግጡ። ሳሙና ሲነካው መጀመሪያ ይቀላል፤ በደንብ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ አስጡት። የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። በድሬ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ከዋለ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ነጭ ልብስ ከሆነ ግን አንዴ ደግማችሁ ማጠብ ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም።